ሟች የሌለው ለቅሶ

እናንተዬ፣ ሰው ዐረብ አገር ሲሄድ ወይ ሀብት ይዞ ይመለሳል፣ ወይ ቦርጭ። እኔ ሳዑዲ፣ ደማም ተቀምጬ ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ጀመርኩ። ማንም አላስገደደኝም። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነው፤ ቀን ቀን የሰው ደምና ሽንት ሳነጻጽር እውላለሁ፣ ሲመሽ ደግሞ ግጥም ከግጥም። ዩኒቨርሲቲው እንግሊዝ አገር፣ እኔ ደማም አል ባዲያ ሰፈር፣ በመካከላችን ፖስታ ቤት። ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ገና ወሬው እንኳ በቅጡ አልደረሰንም ነበር።

ጎረቤቴ ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። የማጠናውን ነገር ለመረዳት ያልሞከረው የለም።

«ቆይ፣ የሁለተኛ ዲግሪህን ስትጨርስ ምን ታደርጋለህ?»

«ሁለቱን ግጥሞች አነጻጽሬ ውጤቱን እጽፋለሁ።»

«ውጤቱ ምንድን ነው?»

«ያው… ይመሳሰላሉ፣ ወይም አይመሳሰሉም።»

«ይኼንንማ አሁንም ማለት ትችላለህ» አለኝና ወደ ባትሪው ተመለሰ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰልኝ ፕሮፌሰር የለም።

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ የወሎ የለቅሶ ግጥምና የጥንት ዐረቦች የሐዘን ግጥም ንጽጽር ነበር። የዐረቡን ክፍል ከመጻሕፍት ቃርሜ ጨረስኩት። የወሎውን ግን ከራሴ ጭንቅላት ጻፍኩት። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ለቅሶ ቤት ስሄድ ድንኳን ጥግ ቁጭ ብዬ ንፍሮ ከመብላት ያለፈ ሙያ የለኝም። አማካሪዬ፣ እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው፣ ሽታው ደረሳቸው መሰለኝ ክፍሉን እንዳለ መለሱልኝ። ከአልቃሽ አፍ በቀጥታ የተቀዳ ድምፅ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልላክሁ ከትምህርቱ እንደምሰረዝ በትሕትና ጨመሩበት። እንግሊዝ ሲሰርዝህ እንኳ አመስግኖ ነው።

ቴፔን ይዤ በመጀመሪያ ወደ ሰይድ ሄድኩ።

«እስቲ አልቅስልኝ።»

«በማን?»

«በማንም ይሁን።»

«በማንም አይለቀስም» አለ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። «ሰው ሳይሞት ግጥሙ ከየት ይመጣል? አንተ ደግሞ!» ከዚያ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ የሚስቱን የከድጃን የአክስት ልጅ አነሳልኝ። ዘይነብ ትባላለች፤ አል ነኺል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። አገሯ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ሰይድ እንደነገረኝ፣ የማታውቀው ሰው ለቅሶ ስትደርስ የሟች ዘመዶች የራሳቸውን ትተው እሷን ያጽናኑ ነበር።

«አርብ ከሰዓት ማዳሟ ታስወጣታለች። ቤት ትመጣለች፣ ታገኛታለህ።»

«በምን ጉዳይ እንደሆነ ግን እንዳትነግራት» አልኩት። መጽሐፍ ላይ እንዳነበብኩት፣ ተናጋሪው ቀድሞ ካወቀ ይዘጋጅና ነገሩ ሰው ሠራሽ ይሆናል። ሰይድ ቃሉን ጠበቀ፤ ለሚስቱም አልነገራት። እንደ ሰይድ ያለ ቃል አክባሪ ጎረቤት አይጣልባችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ባለቤቱን በሰበብ ያስጠሩታል፤ ለምን እንደተጠራ አይነግሩትም። መጀመሪያ እንዲበላ ይለምኑታል። አንድ የተከበረ ሰው ይመርጡና እሱ ከሩቅ ይጀምራል፤ ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን ይናገራል፣ ስለ ጤና ይጠይቃል፣ ያዝናል። ይህንን ሁሉ አሳምሬ አውቃለሁ፣ እንዲያውም የጽሑፌ ምዕራፍ ሁለት ላይ ሰፊ ማብራሪያ ሰጥቼበታለሁ። አርብ ዕለት ግን ምዕራፍ ሁለትን ቤቴ ትቼው ነበር የሄድኩት።

ዘይነብ የሰይድን ቤት በር ከፍታ ስትገባ ጥቁር ሱፍ ለብሼ ከሰይድ ጎን ተነስቼ ቆምኩ። ለምርምር ክብር ብዬ ነው። ሐበሻው ሁሉ ሆስፒታል የሚሠራን ሰው፣ ወለል ጠራጊም ቢሆን፣ ዶክተር ነው የሚለው።

«ዶክተር! ምነው፣ በደህና?»

«ደህና ነው፣ ደህና ነው። አንቺ መጀመሪያ ቁጭ በይና ብዪ።»

ከድጃ ያቀረበችውን ከብሳ፣ የዐረቦቹን ሩዝ በሥጋ፣ አንድ ጊዜ ጎርሳ አየችኝ። «እኔ ምሳ በልቻለሁ» አለች።

«ግዴለሽም፣ ጠንከር አድርገሽ ብዪ። ኋላ አትችዪም።» ለቅሶው ረጅም እንዲሆንልኝ አቅም ያስፈልጋታል ብዬ ነው። የሶፍት ካርቶኑንም ገፋ አድርጌ አጠገቧ አስቀመጥኩላት። ቴፑ ከትራሱ ኋላ ሆኖ እየቀዳ ነው።

«እናትሽ ስንት ዓመት ይሆናቸዋል?» ብዬ ጀመርኩ።

ጉርሻው እጇ ላይ ቀረ። «ምነው?»

«እንዲያው ነው። ጤናቸውስ? ባለፈው ምን ተባለ?»

«ትንሽ ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር ብለውኝ ነበር… ዶክተር፣ ምንድን ነው?»

ጥያቄው ከበደብኝ። እናትሽ ቢሞቱ ምን ብለሽ ታለቅሺያለሽ ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር መሰለኝ፤ ስለዚህ እንደ ጨዋ ሰው ላለሳልሰው ብዬ፣ «እንግዲህ ዘይነብ፣ ሰው ሆኖ የማይሄድ የለም…» ከማለቴ ትሪው ተገለበጠ።

ጩኸቷን ልገልጽላችሁ አልችልም። የማቀዝቀዣው ድምፅ ጠፋ። ከድጃ ከጓዳ ሮጣ መጣችና ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ደረቷን መምታት ጀመረች፤ ሟቿ አክስቷ ናቸዋ! ዘይነብ ሻርፗን ከወገቧ አስራ ተነሳች፣ ግጥሙም መጣ።

«የሰው ቤት ስጠርግ፣ የሰው ልጅ ሳባብል፣
እናቴን ቀበሯት፣ ደህና ሁኚ ሳልል።»

«አልሞቱም!» ብዬ ጮህኩ። «ዘይነብ፣ እናትሽ አልሞቱም!»

«ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚለው!» አለች ከድጃ እያለቀሰች። እውነቷን ነው። መርዶ ነጋሪ ሲጨንቀው ታመዋል እንጂ አልሞቱም ነው የሚለው። በካድኩ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። በመጨረሻ ሰይድ እጄን ይዞ ወደ በር ወሰደኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔን እንኳ ደበቅኸኝ? ጥናት ነው ብለህ?»

«ሰይድ፣ ጥናት ነው!»

«እሺ፣ ወንድሜ፣ ገብቶኛል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከኋላዬ ዘይነብ ሁለተኛውን ታወርዳለች፦

«ከኾበር ሱቅ መርጬ ብርድ ልብሱን ይዤልሽ፣
አፈሩ ቀደመኝ፣ እሱ ደረበልሽ።»

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ በዚያ ሁሉ ትርምስ መካከል አንዱ ጆሮዬ ቴፑ እየቀዳ መሆኑን ያዳምጥ ነበር። እንደዚህ ያለ ግጥም እንግሊዝ አገር ደርሶ አያውቅም።

በማግሥቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ሽንት ላይ አጎንብሼ ሳለሁ ነጭ የዐረብ ቀሚስ፣ ቶብ፣ የለበሰ ግዙፍ ሰው በሩ ላይ ቆመ። የዘይነብ ካፊል፣ ማለትም አሠሪዋ፣ አቡ ናስር። እናቷ መሞቷን የነገራት ዶክተር የቱ ነው ብሎ ሲጠይቅ ባልደረቦቼ በሙሉ ወደ እኔ ጠቆሙ። በጂምስ መኪናው ጭኖ አል ነኺል ወሰደኝ። ቪላው ውስጥ ዘይነብ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ማዳም ታለቅሳለች፣ ልጆቹ የዘይነብን ቀሚስ ይዘው «ላ ትሩሂ፣ ላ ትሩሂ» እያሉ ያለቅሳሉ፣ ማለትም አትሂጂብን።

«ኹሩጅ ትፈልጋለች» አለኝ አቡ ናስር፤ የመውጫ ቪዛ ማለቱ ነው። «ማዳም ልትወልድ ቀናት ነው የቀሯት። አሁን ከሄደች ኒሃኢ ነው፣ መመለስ የለም፣ ሌላ ሠራተኛ አመጣለሁ። እናት ከሞተችባት ግን ምን እላታለሁ? ሞታለች?»

«ማፊ ሞት» አልኩ፣ የሞተ የለም ለማለት።

«ማፊ ሞት? ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?»

«ለትምህርት ነው። ለዩኒቨርሲቲ።»

አቡ ናስር ለረጅም ጊዜ አየኝ። የሰይድን ዓይነት አስተያየት ነው፣ ውድ ሽቶ ተጨምሮበት። «እናቷ በአፏ ትናገር» አለ። «ነገ ኾበር ያለው ቢሮዬ እንደውላለን። እኔም በጆሮዬ እሰማለሁ። ካልተገኘች ወረቀቱን እጨርስላታለሁ፣ ከአንተ ጋር ደግሞ ሙሽኪላ አለን፣ ጣጣ።»

«ኒሃኢም ቢሆን እሄዳለሁ» አለች ዘይነብ ሻንጣዋ ላይ ሆና። «አፈሯን ሳላይማ አልቀርም።» ይህች ሴት እናቷንም፣ የሞተ ወንድሟን ልጆችም የምታኖረው በዚህ ሥራ ነው። እኔ ለአንድ ምዕራፍ ብዬ እንጀራዋን ልቆርጥባት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል መሰለኝ። የእናትየው መንደር ስልክ የለውም፤ ሐይቅ ከተማ ቴሌ ግን አለ። ቀድሞ ደውሎ ሰው ማስጠራት ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ደውዬ የቴሌ ሠራተኛዋን አገኘሁ።

«ከሳዑዲ ነው የምደውለው። እማማ ሐሊማን ነገ ጠዋት ስልክ ላይ ታስጠሩልኛላችሁ? የዘይነብ እናት።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሆስፒታል ሰው ነኝ።»

«ዘይነብ ራሷ ለምን አልደወለችም?»

«እሷ… አሁን መናገር አልቻለችም።» እውነቴን ነው፤ በለቅሶ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

የሴትየዋ ድምፅ ድንገት ለስለስ አለ። «እሺ ወንድሜ። ብቻቸውን አናመጣቸውም፤ ሽማግሌዎች አብረዋቸው ይመጣሉ። አላህ ያጽናችሁ።» እንዴት ያለች ትሑት ሠራተኛ ናት ብዬ አመስግኜ ዘጋሁ። ለምን እንደምንጽናና ራሴን አልጠየቅሁም። ሁለተኛ ዲግሪ እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር አጥብቀህ ስታጠና ያው ነገር ፊት ለፊትህ ሲቆም አታውቀውም።

በነጋታው ደማም አጠገብ ባለችው ከተማ በኾበር፣ አቡ ናስር ቢሮ ተሰበሰብን፤ እሱ፣ ዘይነብ፣ ሰይድ፣ ከድጃና እኔ። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተው። ሐይቅ ገባልን። መጀመሪያ የተሰማን ድምፅ የሰው አልነበረም፤ የመንደር ነበር።

«ዋይ! ዋይ! ልጄን!»

ዘይነብ ብድግ አለች። «ይኸው! ይኸው ለቅሶው! እናቴን!» ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ከድጃ ተከተለቻት። ከስልኩ ውስጥ የብዙ ሴቶች ጩኸት ይመጣል፣ ከዚህ ወገን የሁለት ሴቶች ጩኸት ይሄዳል፣ የአቡ ናስር ጸሐፊ፣ ፓኪስታናዊ ነው፣ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ይዟል።

«ሚን ማት? ማነው የሞተው?» ይላል አቡ ናስር።

«ማንም!» እላለሁ።

«ማንም ሳይሞት ሁለት አገር ያለቅሳል?»

ከዚያ ወገን የቴሌ ሠራተኛዋ ስልኩን ነጠቀች መሰለኝ፣ «እባካችሁ ዝርዝሩን ንገሩን! ዘይነብ በምን ሞተች? ቢሮው በሰው ሞልቷል፣ ሥራ ቆሟል!» ስትል ነገሩ ሁሉ አንድ ጊዜ ፍንትው አለልኝ። የማያውቁት ወንድ ከሳዑዲ፣ ከሆስፒታል ደውሎ እናትየውን አስጠራ፤ ልጅቱ መናገር አልቻለችም አለ። ከዚህ የበለጠ መርዶ ምን አለ? በአንድ ሳምንት ውስጥ እናትን ለልጅ፣ ልጅን ለእናት የገደልኩ ብቸኛ ተመራማሪ እኔ ነኝ።

ዘይነብን ከወለሉ አንስቼ ስልኩ ላይ አስጠጋኋት። «ተናገሪ! በአላህ ተናገሪ!»

«እ… እማ?»

ከዚያኛው ወገን ጩኸቱ ቀስ በቀስ ሞተ። ድምፃቸው የሻከረ አንዲት አሮጊት፣ «ማነሽ አንቺ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ዘይነብ።»

«ዘይነብ ሞታለች።»

«አልሞትኩም እማ! አንቺ ነሽ የሞትሽው!»

«እኔ? ማን ነው ያለው?»

ከዚያ በኋላ የተነገረውን ለመጻፍ አልችልም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነበር የሚያወሩት፣ የሚስቁት፣ የሚያለቅሱት። አቡ ናስር በራስ ሻሹ፣ በጉትራው፣ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ድምፅዋን ሰማሁ። ኹሩጅ የለም» አለ፣ ትልቅ ጭነት እንደወረደለት ሰው። ዘይነብም አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች። እኔ ወንበሩ ላይ ተደፋሁ።

ሰላም የወረደ መስሎኝ ነበር። እማማ ሐሊማ ግን ገና አልጨረሱም።

«እኔን ምን ብለሽ አለቀስሽኝ?»

«ተዪው እማ፣ ሟርት ነው፣ ለቅሶም ሐራም ነው ይላሉ።»

«ተለቅሷል አንዴ! አሰሚኝ።»

ዘይነብ ወደ እኔ ዞረች። ቴፑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ስልኩ አጠገብ አድርጌ ከፈትኩት። የሐይቅ ቴሌ ጸጥ አለ። የሰው ቤት ስጠርግ የሚለው ሲያልቅ አሮጊቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። የብርድ ልብሱ ሲደርስ ግን፣ «አቁም!» አሉ። «ዘይነብ፣ ብርድ ልብሱ እውነት ነው? ገዝተሻል?»

«አዎ እማ፣ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አፈሩ እስኪደርብልኝ? ላኪው እንጂ!»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። አቡ ናስር ምን እንዳሉ እንድተረጉምለት ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት፤ እሱም ሳቀ፣ ከዚያም እሱ እናቱን የቀበረ ዕለት አንዲት ቃል ከአፉ እንዳልወጣች ነገረኝ። የዐረቡን ምዕራፍ ከመጻሕፍት ስቃርም እንዲህ ያለውን አላገኘሁትም።

«እኔም እኮ መንገድ ላይ ለአንቺ ብያለሁ» አሉ አሮጊቷ፣ ትንሽ እንደማፈር ብለው። ሳይለመኑም አወረዱት፦

«ለኔ ተዪው ብዬ መቃብር መውረዱን፣
ምነው ቀደምሺኝ ሳታውቂ መንገዱን።»

ዘይነብ አፏን በሻርፗ ያዘች። ከዚያ እማማ ሐሊማ፣ «ያንን ሰውዬ ስጡኝ» አሉ።

ተጠጋሁ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለትምህርት ብዬ ነው። አሁንም ከፈቀዱልኝ የእርስዎንም የዘይነብንም ግጥም ላስገባው?»

«አስገባው። ሞቶ የራሱን ለቅሶ የሰማ የለም፤ እኔ በቁሜ ሰማሁ፣ ምን ከፋኝ? ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ እናት አለችህ?»

«አለችኝ፤ አዲስ አበባ።»

«እሷን ምን ብለህ ታለቅሳታለህ?»

አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ይህን ያህል ዓመት ስለ ለቅሶ ግጥም አንብቤ፣ ስለ ቤት አመታቱ፣ ስለ ስንኙ ጽፌ፣ ስለ እናቴ አንዲት መስመር አልመጣልኝም። «እስካሁን አላሰብኩበትም» አልኩ።

«ታዲያ የሰው እናት ከመግደልህ በፊት ከራስህ አትጀምርም ነበር?» አሉኝ።

ምዕራፉ በጊዜው ደረሰ፤ ዲግሪውንም ኋላ ተቀበልኩ። አማካሪዬ ግጥሞቹን እጅግ ወደዋቸው፣ አንድ ጉድለት ብቻ አገኙ፦ ሟቾቹ የሞቱበት ቀን አልተገለጸም። «በሕይወት አሉ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ያን ዕለት ግን፣ ከአቡ ናስር ቢሮ እንደወጣን ሰይድና ሴቶቹ ወደ ደማም ሲመለሱ እኔ ኾበር ቀረሁ። የባሕሩ ዳር አጠገብ ያለ የስልክ ቤት ገባሁና አዲስ አበባ ደወልኩ። እናቴ ዘንድ የምደውለው ለበዓል ነው። ያን ዕለት በዓል አልነበረም።

«ሃሎ? አንተ ነህ? ምን ሆነሃል? ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እማዬ።»

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»

«እንዲሁ።»

በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ «ንገረኝ ልጄ፣ እችለዋለሁ» አለችኝ።

«እውነቴን ነው እማዬ፣ ምንም የለም። ናፍቀሽኝ ነው።»

ይህን ቃል ለእናቴ ከአፌ አውጥቼ ብዬላት አላውቅም ነበር። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

«እንግዲያው እንዳትዘጋው» አለች። «ቆየኝ፣ ወንበር ላምጣ።»